ሰካራሙ መስመር የሰከነ ዕለት

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው ወሬ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲያሽከረክር ኖሮ መኪናውን ቢያስረክብም፣ አፉን የሚረከብ መሥሪያ ቤት ግን አልተገኘም። ጠዋት ሻዩን ይጠጣና ኮቱን ደርቦ ከቤታቸው ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት ይሻገራል። ሊስተካከል እንዳይመስላችሁ፤ ፀጉሩ ከተሰናበተው ቆይቷል። የሚሻገረው ስለ ልጁ ለማውራት ነው።

«ልጄ እኮ ኔትወርኩን እንዳለ ሣለችው!» ይላል፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ማምለጥ የማይችል ደንበኛ መርጦ። «የአገሩን ስልክና ኢንተርኔት በሙሉ! ስትነካው ይከፈታል፤ ወደ ኋላ ስትጎትተው ትናንትን ያሳያል። እንግዲህ የኔ ልጅ ናት!»

ልጅቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር «ሰዓሊዋ፣ ትናንትን የሚያሳየው ነገር ደረሰ ወይ?» እያለ ስለሚጠይቃት ሳታውቅ ልትቀር አትችልም። ቤት ስትገባ «አባዬ፣ በናትህ ገና አላለቀም፤ አታውራብኝ» ብላ ትቆጣለች። ትቆጣ እንጂ ደስ ይላት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ ይላት ነበር።

«ሰዓሊዋ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እሷ ቀለም ቀብታ አታውቅም፤ ሙያዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። የምትሠራው በአንድ የስልክና የኢንተርኔት ድርጅት የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የሌለው ሰፊ ክፍል ነው፤ ኦፕሬተሮቹ በተራ በተራ ተቀምጠው፣ የስልክ ማማን ከማማ የሚያገናኙት መስመሮች ደኅና መሆናቸውን ሲጠብቁ ይውላሉ። የትኛው መስመር ላይ ጭነት በዛ፣ የትኛው ላይ መልእክት ዘገየ፣ የትኛው መልእክቱን መንገድ ላይ እያንጠባጠበ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚደርሳቸው በቁጥር ነበር። ከቁጥር ሥር ቁጥር፣ ከዚያም ሥር ሌላ ቁጥር። አንድ ነገር ሲበላሽ አንዱ አንዱን ሠንጠረዥ፣ ሌላው ሌላውን እያገላበጠ «እኔ ጋ የለም! አንተ ጋ ነው?» እየተባባሉ ይጯጯኻሉ።

ሰዓሊዋ ይህን የቁጥር ጫካ ወደ አንድ ስዕል የሚቀይር መተግበሪያ እንድትሠራ ስትታዘዝ፣ አንዲት መስመር ፕሮግራም ሳትጽፍ በፊት ወንበር ተውሳ ከኦፕሬተሮቹ ጀርባ ተቀመጠች። ከአስተዳደር የተላከች ሰላይ መስላቸው ለምሳ እንኳ ሳይነሱ ዋሉ። እሷ ግን የምትከታተለው ሰዎቹን ሳይሆን ዓይናቸውን ነበር። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ወዴት ይሮጣል? እየቆየች እንደተረዳችው ሁሉም የሚፈልጉት ተመሳሳይ ነገር ነው። የት ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? ሌላስ ማንን ይዞ ወደቀ?

ስዕሉን የሠራችው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። «የት» የሚለውን ካርታው ይመልሳል። ጭነት የበዛበት መስመር ይወፍራል፣ ደኅናው አረንጓዴ፣ የሚያቃስተው ቢጫ፣ የወደቀው ቀይ ይሆናል። «ከመቼ ጀምሮ» ላለ ሰው ከሥር በኩል ወደ ኋላ የሚጎተት ዘንግ አለ፤ በጎተቱት ቁጥር ካርታው የትናንቱን፣ የትናንት ወዲያውን መልክ ይይዛል። አንዱን መስመር የነካ ደግሞ፣ በእሱ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩት መስመሮች ፈክተው ሌሎቹ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ያያል።

በየማታው የደረሰችበትን ላፕቶፗ ላይ አድርጋ ለአባቷ ታሳየው ነበር፤ እራት ከተነሣ በኋላ፣ ጠረጴዛው ሳይወለወል። ሾፌሩ ስለ ኔትወርክ የሚያውቀው ስልኩ እንቢ ሲል መሳደብን ብቻ ነው። መንገድ ግን ያውቃል።

«ይሄ የወፈረው ተሳፋሪ የበዛበት ነዋ!»

«አዎ አባዬ።»

«ይሄ ቀዩ መንገድ የተዘጋበት።»

«እሱን ነው ያልኩህ።»

«በይ እኔም ተምሬአለሁ በያ!» ብሎ ደረቱን ይነፋና በማግስቱ ፀጉር ቤት ሄዶ ያስተምራል።

ኦፕሬተሮቹም ስዕሉን እያደር ወደዱት፤ በተለይ ሰካራሙን ስታሳያቸው ጮቤ ረገጡ። ሰካራሙ ሰው አይደለም። በሰፊው ሐይቅ ላይ ከማዶ ወደ ማዶ የተዘረጋ የሬዲዮ መስመር ነው፤ ነፋስ ሲነሣና ከውሃው እንፋሎት ሲወጣ ይንገዳገዳል። አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ መልሶ ቢጫ ሊሆን ይችላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሲገባ «እንዴት አደራችሁ» ማለት ትቶ «ሰካራሙ እንዴት አደረ?» ነው የሚለው። ሰዓሊዋም ካርታው ላይ የመሥሪያ ቤቱን ኮድ አንሥታ «ሰካራሙ» ብላ ጻፈችለት። በአንድ ቀን የክፍሉ ልጅ ሆነች።

ጣጣው የመጣው ከጥቅሻ ነው። ልኬቶቹ፣ እነዚያ ቁጥሮች፣ ከየማማው የሚደርሱት አንድ ላይ አይደለም፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ ይልካል፣ ሌላው እያዘገመ። ሰዓሊዋ በመጀመሪያ ልኬቱ የዘገየበት መስመር ግራጫ ሆኖ እንዲቆራረጥ አድርጋ ነበር። በዚህ የተነሣ ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜ አንዱ ድርግም ይላል፣ አንዱ ብልጭ ይላል።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ፀጥታ ይህን አልወደዱም። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ኮቴ የሚያሰማ ጫማ ያደረገን ሰው ከበር የሚመልሱ በመሆናቸው ግን ይኸኛው ስም ጸናባቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ስክሪኑን አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጠቅሰኛል እንዴ? በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ቤትም አባቷ ከንፈሩን ጣለ። «ሁሉም ያምራል። ይሄ ግራጫው ግን አይጥ የበላው ይመስላል። ለሰው ማሳየት ያሳፍራል፣ ልጄ።»

ሰዓሊዋ በሥራዋ ኩሩ ናት፤ ኩራቱን ከማን እንደወረሰችው መጠየቅ አያስፈልግም። አይጥ የበላው ተብሎ አታድርም። እያንዳንዱ መስመር አዲስ ልኬት እስኪመጣለት ድረስ የመጨረሻውን ቀለሙን ይዞ እንዲቆይ አደረገች። ጥቅሻው በአንዴ ጠፋ። ስዕሉ ረጋ፣ አማረ፤ እትዬ ፀጥታ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። እሷም በደስታ ብዛት ከስዕሉ ጥግ ላይ ሰከንዱን የሚቆጥር የሚያምር ሰዓት ለጌጥ ጨመረች። አዲሱ ልኬት ጨርሶ ባይመጣስ? ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሷም አልጠየቀች፤ የሚያምር ነገር በእጇ ስለያዘች ረሳችው።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለስዕሉ ያልተንበረከከ ቢኖር ምክትል ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ቤት ውስጥ የተሠራ ነገር አያምንም። ከውጭ የሚገዛ፣ ዝግጁ የሆነ፣ ሲበላሽ የሚከሰስ ባለቤት ያለው ሶፍትዌር እንዲመጣ ነበር የሚፈልገው። ሰዓሊዋ ልኬቶቹን ከየማማው የሚሰበስብላት ኮምፒውተር የምታስቀምጥበት ቦታ ስትጠይቀው፣ «የሰርቨር ክፍሉ የሙከራ ቦታ አይደለም» አላት። ስለዚህ ሰብሳቢው፣ እንዲህ ነበር የሚሉት፣ አሮጌ ኮምፒውተር ሆኖ በኮሪደሩ ጥግ ከሻይ ማፍያው ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠ።

በመጨረሻ ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጥተው አይተው ሊወስኑ ቀን ተቆረጠ። ከወደዱት የሰዓሊዋ ስዕል በክፍሉ ግድግዳ ሙሉ ይዘረጋል፣ በየቅርንጫፉም ይገባል። ካልወደዱት የምክትሉ ሶፍትዌር ይገዛና የእሷ ልፋት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ቤተሰብ መጋበዝ ይቻላል ሲባል ሰዓሊዋ የጋበዘችው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሾፌሩ ያን ቀን ጫማውን ፊቱ እስኪታይበት ወለወለ። ፀጉር አስተካካዩ ጆሮው ዙሪያ የቀረችውን ፀጉር ያለ ክፍያ አስተካከለለት። በመንገድ ላይ ለአውቶቡሱ ሾፌር፣ ለትኬት ቆራጩና አጠገቡ ለተቀመጡ አንዲት እናት ወዴት እንደሚሄድ ተናገረ። ሰዓሊዋ አንገቷን ኮቷ ውስጥ ቀብራ «አባዬ ይብቃህ» ብትልም ከንፈሯ እየሳቀ ነበር።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ኦፕሬተሮቹ ወንበራቸውን ለእንግዳ ለቀው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። አባቷ ከፊት ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ግድግዳው ላይ ካርታው ሲበራ «እሰይ!» የሚል ድምፅ ከፊት ረድፍ ተሰማ፤ የማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ሰዓሊዋ መጀመሪያ ከያዘችው ወረቀት ታነብ ነበር፤ ከዚያ ግን ሥራዋ ራሱ እጇን ይዞ ወሰዳት። ዘንጉን ወደ ኋላ ጎትታ ባለፈው ሳምንት የወደቀውን መስመር አሳየች። ነክታው ማንን ይዞ እንደወደቀ አወጣች። ኦፕሬተሮቹ በሠንጠረዥ ሲፈልጉት ጠዋቱን የፈጀባቸውን ነገር ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በጣታቸው አንዴ ነክተው አገኙት። «አሃ!» አሉ፤ እንደ ልጅ መልሰው ነኩት።

ቀጥላ ወደ አሁን መለሰችው። ካርታው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከሐይቁ ላይ የተጻፈውን አንብበው ሳቁ።

«ይሄ ነው ሰካራሙ የምትሉት? ምነው፣ ዛሬስ ሰክኗል! እናንተ ስዕሉን ብቻ ሳይሆን መስመሩንም አስተካክላችኋል ማለት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እትዬ ፀጥታ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሁሉም ተከተለ። አባቷ ብድግ ብሎ ቆመ። የእሱ ጭብጨባ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

ሰዓሊዋም ሳቅ ልትል አፏን ከፍታ ሳለች ሰካራሙን አየችው፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። ሰካራሙ ካርታው ሲበራ አረንጓዴ ነበር፤ አሁንም ያው አረንጓዴ ነው። ቀለሙም ውፍረቱም ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ሲመጡ ደግሞ ነፋሱ የአባቷን ኮፍያ ሊወስድ ምንም አልቀረው። ይህን መስመር እሷ ከምታውቀው ጀምሮ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ሰከንዱን ይቆጥራል፤ ግን ሰዓቱ የኮምፒውተሩ ነው እንጂ የልኬቱ አይደለም። ለጌጥ ነው ያስቀመጠችው።

ስዕሉ ሞቷል። የሚጨበጨብለት ለሬሳ ነው።

ዝም ብትልስ? ያን ጊዜ ይህ ሐሳብ በእርግጥ መጣባት። እንግዶቹ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ እሷ ሮጣ ታስተካክለዋለች፤ ሰው አይነቃም። ሥራ አስኪያጁ ወደውታል፣ ምክትሉ እንኳ ሳይወድ በግዱ እያጨበጨበ ነው። አባቷ ደግሞ፣ አባቷ በሕይወቱ እንዲህ ቆሞ ያጨበጨበለት ነገር የለም። እንደዚያን ጊዜ ፈርታ አታውቅም።

«ይቅርታ» አለች። የሰማት የለም። «ይቅርታ፣ አቁሙ! እባካችሁ አታጨብጭቡ።»

ጭብጨባው እየተቆራረጠ ቆመ።

«ይሄ ስዕል የአሁን አይደለም። የሚያሳየን የቆየ ነገር ነው። ልኬት መምጣት አቁሟል፤ እኔ የሠራሁት ነገር ደግሞ ማቆሙን አይናገርም። የመጨረሻውን ቀለም ይዞ ዝም ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ኔትወርኩ ደኅና ይሁን አይሁን ከዚህ ስዕል ማወቅ አንችልም።»

አንዱ ኦፕሬተር ወደ አሮጌው ሠንጠረዥ ሮጠ። ትንሽ አገላበጠና ጮኸ። እትዬ ፀጥታ እንኳ ዝም በል አላሉትም።

«የምሥራቁ መስመር ወድቋል! አንድ ከተማ በሙሉ ስልክ የለውም!»

ሁሉም በየወንበሩ ተበተነ። ሥራ አስኪያጁ ቆመው ቀሩ። ኦፕሬተሮቹ ተሯሩጠው ከተማውን በሌላ መስመር እስኪያገናኙት ድረስ ከሰዓሊዋ ጋር የተነጋገረ ሰው አልነበረም። የሰብሳቢው ነገር ኋላ ሲጣራ፣ ለእንግዶቹ ተብሎ የተሰካው ትልቁ ሻይ ማፍያ ነው የመሰኪያውን ፊውዝ አቃጥሎ ሰብሳቢውን ያጠፋው። ያሰኩት እትዬ ፀጥታ ናቸው፤ እንግዳ በቴርሞስ ሻይ አይስተናገድም ብለው። ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እንግዲህ እኔ ስናገር...» ብሎ ምክትሉ ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ አቋረጡት። «ታስተካክለው። ከተስተካከለ በኋላ ከሚገዛው ጋር ጎን ለጎን አያለሁ» ብለው ወጡ። ሻዩን የጠጣ የለም።

ሰዓሊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። አባቷ ኮፍያውን አደረገና «እንሂድ፣ ልጄ» አለ። በመንገድ ላይ ለአውቶቡሱ ሾፌር አንዲት ቃል አልተናገረም፤ መስኮት መስኮቱን እያየ ነው የሄደው። ቤት ሲደርሱ ውሃ ጠጥቶ ተቀመጠ። ሰዓሊዋ «ተናደድክብኝ፣ አባዬ?» ልትል ፈልጋ ሳለ መልሱን ፈርታ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ነገሩ ሁሉ ተለወጠባት። አባቷ ጠዋት ወደ ፀጉር ቤት መሻገሩን አልተወም፤ ግን ማታ ማታ ለማን ምን እንዳወራ መተረኩን ተወ። ፀጉር አስተካካዩም መንገድ ላይ ሲያገኛት «ትናንትን የሚያሳየው ነገር ደረሰ ወይ?» አይልም፤ መቀሱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። አዝኖልኛል፣ አለች በልቧ። ሰፈር ውስጥ መሳቂያ አድርጌዋለሁ።

ይህ ሐሳብ ግን እጇን አላሰረውም። ወደ ሥራዋ ገባች። ጥቅሻውን መመለስ አልፈለገችም፤ እትዬ ፀጥታ እውነታቸውን ነው፣ ሁልጊዜ የሚጠቅስን ነገር ሰው ማየት ይተዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መስመር የየራሱን ትዕግሥት ሰጠችው። ቶሎ ቶሎ የሚልከው ትንሽ ሲዘገይ፣ አዝጋሚው ብዙ ሲዘገይ፣ መስመሩ ድርግም ሳይል ቀስ እያለ ይገረጣል፤ እንደታጠበ ልብስ። ጨርሶ ዝም ካለ ቀለሙ ያልቅና ባዶ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። ሲነካ «ከዚህ መስመር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በዚህ ሰዓት ነው» ይላል። የጌጥ ሰዓቷን አንሥታ በቦታው የመጨረሻው ልኬት የደረሰበትን ሰዓት አስቀመጠች። ምክትሉ ራሱ መጥቶ ሰብሳቢውን ከሻይ ጠረጴዛው ሥር አንሥቶ ሰርቨር ክፍል አስገባላት። ስዕሉ አሁን ከበፊቱ ያምር ነበር። ይህን ለራሷ ስትናገር አላፈረችም።

ለሁለተኛው ቀን አባቷን ስትጋብዘው ግን፣ «አንቺ ሂጂ፤ እኔ አልመጣም» አለ።

«ለምን፣ አባዬ?»

«ሂጂ እንጂ፤ ይረፍድብሻል።»

ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ሁለቱ ስክሪኖች ጎን ለጎን በርተው ነበር፤ በቀኝ የእሷ፣ በግራ ምክትሉ ለሙከራ ያስመጣው። የግራው ውበቱ አይካድም። ሁለቱም የሚመገቡት ከአንዱ ሰብሳቢ ነው። ሰካራሙ በሁለቱም ላይ እንደ ልማዱ ይንገዳገዳል። ሥራ አስኪያጁ እንደተቀመጡ ሰዓሊዋ ምንም ሳትናገር ሰርቨር ክፍል ገባችና የሰብሳቢውን ገመድ ነቀለች። ተመልሳ መጥታ እጇን አጣምራ ቆመች።

በግራ በኩል ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሰካራሙ ቢጫ ላይ ቆመ፣ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። በቀኝ በኩል ፈጣኖቹ መስመሮች መገርጣት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ በመጨረሻም አዝጋሚዎቹ። ማንም ሳይነግረው ካርታው በሙሉ ነጣ፤ ጥግ ላይ ያለው ሰዓትም ገመዱ የተነቀለበት ደቂቃ ላይ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ እትዬ ፀጥታ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት ዓይነት ጸጥታ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ምክትሉ ዞሩ። «ያንተኛው እስከ መቼ ነው አረንጓዴ የሚሆነው?»

ምክትሉ የግራውን ስክሪን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ የተሸነፈ ሰው ሳቅ ነው ግን ንጹሕ ነው። «ጌታዬ፣ ይሄ እስከ ጡረታዬም አረንጓዴ ነው። የእሷን ስቀሉት።»

ሰዓሊዋ ገመዱን መልሳ ሰካች። መስመሮቹ አንድ በአንድ ነፍስ ሲዘሩ፣ ሰካራሙም እየተንገዳገደ ሲነሣ ኦፕሬተሮቹ በደስታ ጮኹ፤ እትዬ ፀጥታም ከእነሱ ብሰው ጮኹ። ሰዓሊዋ ግድግዳው ላይ የተዘረጋውን ሥራዋን ቀና ብላ አየች። ኮራች። ያለ አንዳች ይሉኝታ፣ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ኮራች። ወዲያው ደግሞ የፊት ረድፍ ላይ ያለችውን ባዶ ወንበር አየች።

ከአውቶቡሱ ወርዳ ወደ ቤት አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። በሩ ክፍት ነው፣ መጋረጃው ተጋርዷል። የአባቷ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ያ የድሮው፣ ለአውቶቡስ ሙሉ ተሳፋሪ የሚሰማው ድምፅ።

«...ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨቡ። እኔም፣ ምን እዋሽሃለሁ፣ እጄ እስኪቀላ!»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ፣ ጋሼ!» አለ አንድ ደንበኛ፣ አፉ ውስጥ አረፋ እንዳይገባ እየተጠነቀቀ። «ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ ምን ችግር አለው?»

«ጥሩ? አንድ ጊዜ የነዳጅ መለኪያው ሙሉ ላይ ተጣብቆ የቀረ አውቶቡስ ነድቼ ነበር። እንዴት ያለ ደስ የሚል መኪና መሰለህ! አልጎደለም፣ አልጎደለም፣ ሙሉ ነው። ዳገት መሀል፣ ሕዝብ እንደጫንኩ ቀጥ አለ። መለኪያው እኮ አሁንም ሙሉ ይላል! እና ልጄ የሠራችው ነገር ያን ቀን እንደዚያ ተጣብቋል። የሚያውቅ የለም። እኔ አላወቅሁ፣ አለቆቿ አላወቁ። ሰው ሁሉ እያወደሳት ነው። አሁን ልብ ብለህ ስማ...»

«ጋሼ፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ይህን እንኳ እኛ በቃላችን ይዘነዋል፤ ስዕሉን ማውራት ከተዉ ወዲህ በየቀኑ ነው። ሁለተኛው ማሳያ ዛሬ አልነበር እንዴ? ምነው ቀሩ?»

«ምን ልሠራ?»

«ይመርጧት እንደሆነ ያያሉ እንጂ።»

«መምረጣቸው የነሱ ጉዳይ ነው። እኔ የማየውን በመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ መናገር አቃተኝ፤ እኔ! አፌን ብከፍት እንባዬ ሊቀድመኝ ሆነ። ከዚያ በላይ ምን ያሳዩኛል?»

ሰዓሊዋ መጋረጃውን እንደጨበጠች ቆመች። ይህን ሁሉ ቀን አባቷንም እንደዚያ ስዕል ነበር የያዘችው፤ ዝም ሲል የመሰላትን ቀለም ቀብታ። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ገባች።

«አባዬ! መረጡት! ግድግዳው ላይ ሰቀሉት!»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ አጨበጨበ። ደንበኛው በአረፋው ውስጥ ሳቀ። ሾፌሩ ግን ልጁን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእጁ ጠረገላት።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አለ። «በይ ተቀመጪ፤ ገና ‹አቁሙ› ያልሻቸው ጋ አልደረስኩም።»